የዝናሽ አፈር

መጋቢት 2

አቧራ። ሌላ ምን የሚጻፍ አለ? የውሃ ቦቴው ፓምፕ ዛሬም አልሠራም። ድንጋይ ያለ ውሃ ሲፈጭ ምን እንደሚመስል የሾላ ምድር ሰው ሁሉ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወደ መንደሩ ሲዞር ክሬሸሩን አስቆምኩት። ሾፌሮቹ አጉረመረሙ። ገልባጭ መኪናዎቹ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰለፉ። ይሰለፉ... ጠዋቱን ማስቆም ነበረብኝ።

እትዬ ዝናሽ ግን ቀድማኝ በሩ ላይ ደርሳለች። ጥቅል ጎመን ይዛ። ጎመኑ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል።

"ይኸን አንተ ትበላዋለህ?"

ታጥቦ ይበላል አልኳት። ውሃውን አንተ አምጣዋ እንግዲያ አለችኝ።  ጎመኑን ጠረጴዛዬ ላይ ትታልኝ ሄደች። ስትቆጣም ስጦታ ትሰጣለች፣ እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?

ከቢሮዬ መስኮት ስመለከት ክምሯ ይታየኛል። በመንገዱ ዳር እንደተኛ ረጅም ጉብታ ነው። አሮጌውን ካባ፣ ድንጋይ የምናወጣበትን ጉድጓድ፣ ስንከፍት ከድንጋዩ ላይ የገፈፍነው ጥቁር አፈር ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ መልሰን ጉድጓዱን እንድናለብስበት ተብሎ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ክረምት ጠራርጎ ሊወስደው ሲል፣ "እትዬ ዝናሽ፣ እባክሽ አንድ ነገር ዝሪበት፣ ሥር ይያዘው" ያልኳት እኔው ነኝ። እሷ ደግሞ ነገር ከጀመረች መች ትተዋለች? በዶማ እርከን አወጣችለት። እበት ተሸከመች፣ አመድ ደፋች። አሁን ነጭ ሽንኩርት አለ፣ ድንች አለ፣ ጎመን አለ። ከወንዙ በጀሪካን እየቀዳች ታጠጣለች። የምትኖረው በሱ ነው።

ማታ ሚስቴ ይመኙሽ ሸሚዜን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ይኸ ልብስ ነው ወይስ የሲሚንቶ ከረጢት አለች። አባባ ከአልጋቸው ሆነው ሰሙ። መሪጌታ ወልደኢየሱስ ነገር አያመልጣቸውም።

"ተዪው ልጄ፣ ገና ሳይሞት አፈር ለብሷል።"

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

መጋቢት 3

ፓምፑ ተሠራ። ጎመኑም ተበላ። ጣፋጭ ነው።

መጋቢት 10

ከአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ መጣች። ሕሊና ትባላለች። ወጣት ናት፣ እኔም ያው የቢሮ ሰው ናት ብዬ ሻይ ላጠጣት አሰብኩ። ሻዩን ትታ ቦት ጫማዋን አጥብቃ አሮጌው ካባ ውስጥ ወረደች። ተከትያት ወረድኩ፣ ምን ላድርግ።

ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ሽቅብ ማየት ደስ አይልም። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ባለፈው ዓመት የአንድ ሰው በሬ ከላይ ወድቆ ሞቷል። ከሥሩ ያለፈው ክረምት ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል። ድንጋዩ ካለቀ ቆይቷል፣ እኛም ወደ አዲሱ እያየን ይኸን ረስተነዋል። እሷ አልረሳችም።

የተናገረችው አጭር ነው። ክረምት ሳይገባ ግድግዳው ተዳፋት ይሁን። አፈሩ ይመለስ። አለዚያ አዲሱን ካባ የመክፈት ፈቃድ የለም። አዲሱ ካልተከፈተ ክሬሸሩ የሚበላው ድንጋይ የለውም፣ ሠራተኛውም እቤቱ ይገባል። ይኸን እሷም ታውቃለች እኔም አውቃለሁ።

"አፈሩስ የታለ አቶ ህሩይ? ሸጣችሁታል?"

ክምሩን አሳየኋት። ነጭ ሽንኩርቱ መሃል ቆማ እፍኝ አፈር አነሳች፣ አሸተተችው። በብዙ ቦታ የተከመረ አፈር ሞቶ ነው የሚጠብቀኝ፣ ሣር እንኳ አያበቅልም አለች። ይኸ ግን በሕይወት አለ። ማን ነው ያቆየው? ስትል ዝናሽ ጀሪካን ተሸክማ ከወንዙ እየወጣች ነበር። በእጄ አመለከትኩ።

ሕሊና የያዘችውን አፈር ቀስ ብላ ቦታው መለሰችው። የገባት መሰለኝ። ክምሩ ካልተነሳ ጉድጓዱ አይለብስም፣ ክምሩ ከተነሳ...

መጋቢት 12

ባለቤታችን አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ቢሮአቸው ጠሩኝ፣ ጎንደር ፒያሳ። ነገሩን ነገርኳቸው። የሚያዝኑልኝ መስለው አዳመጡ።

መልሱ ዝግጁ ነበር። ጉድጓዱን በክሬሸሩ ዱቄትና በማይሸጠው ትርፍ ሙሉት፣ ከላይ ስስ ቀይ አፈር አልብሱት። ማን ቆፍሮ ያያል? ጥቁሩን አፈር ደግሞ ሆቴል ለሚሠራ ወዳጃቸው ቃል ገብተውለታል፣ ለአትክልት ቦታው። አበባ ሊተክልበት ነው።

በድንጋይ ዱቄት ላይ ምንም አይበቅልም ጋሼ አልኩ። ቢበቅልም ባይበቅልም ፎቶ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ባለፈው ሠራተኛችን ሲታመም ራሳቸው ናቸው ሆስፒታል የወሰዱት። ግን ጉድጓድ ለእሳቸው ያለቀ ነገር ነው። ያለቀ ነገር ላይ ነዳጅ ማቃጠል አይገባቸውም።

ወደ አዘዞ ስመለስ በመንገድ ላይ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ዱቄቱን እንሙላ፣ ክምሩን ግን ዝም ብዬ ለዝናሽ ልተወው ይሆን? ሁሉም ደስ ይለዋል... አዘዞ እስክደርስ ድረስ ሐሳቡ ደስ አለኝ። ከዚያ ራሴን ጠየቅሁ። ክምሩ ያለበት ቦታ አዲሱ ካባ ሲከፈት የጠጠር መከመሪያ ይሆናል። ዛሬ ባይሆን ዓመት ገልባጭ ይቆምበታል። ያን ጊዜ አፈሩም የለ፣ ማሳም የለ፣ እሷም የለች። ማታለል ነው የሚሆነው። አፈሩ ወደ ጉድጓዱ መመለስ አለበት።

መጋቢት 15

ለዝናሽ ነገርኳት። ሦስት ቀን ሙሉ ስሸሽ ነበር።

አረም እየነቀለች ሰማችኝ። ቀና አላለችም። አፈሩ የአባቷ እንደሆነ ነገረችኝ፣ እንደማላውቅ ሁሉ። ካባው የተከፈተው በአባቷ ማሳ ላይ ነው። ካሳውን የወሰደው ወንድሟ ውዱ ነው፤ አዲ አርቃይ ሱቅ ከፍቶበታል። እሷ ያን ጊዜ ባል ዘንድ ነበረች። ከባሏ ተፋትታ ስትመለስ ማሳው ጉድጓድ ሆኖ ቆያት።

"አፈሩ ወደ ቦታው ይመለሳል ነው የምትለኝ?"

"አዎ።"

"ሸጋ ነው። እኔስ ወዴት ልመለስ?"

አላውቅም አልኳት። እውነቱ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ጊዜው ብቻ አወራን። ነጭ ሽንኩርቱ ከፋሲካ በኋላ ይነቀላል። ድንቹ ግን እስከ ግንቦት መጨረሻ ይፈልጋል። እስኪደርስ እጠብቅሻለሁ አልኩ። ቃሌ ነው አልኩ። ለምን ቃሌ ነው አልኩ? ዶዘሩ የኔ አይደለም፣ ዝናቡም የኔ አይደለም።

መጋቢት 24

መንገድ ዝግ ነው። ሥራ የለም። እቤት ዋልኩ። አባባ የዳዊታቸውን ጥራዝ ሰፍተው ሊጨርሱ ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ መርፌው ግን አይስትም።

ሚያዝያ 1

የሆቴሉ መኪና መጣ። ማንም አልነገረኝም። ጠዋት ስደርስ ሎደራችን ክምሩ ጫፍ ላይ አፍንጫውን ደፍቶ፣ ገልባጩ ኋላውን ሰጥቶ ቆሟል። ዝናሽ በመሃል ቆማለች። አትጮህም። ቆማለች ብቻ። ክንዱ የሚባለው የሎደሩ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደግፏል። እኔን ሲያይ ፊቱ በራ፣ ሸክሙን የሚያራግፍበት ሰው አገኘ።

ገልባጩን ባዶውን መለስኩት። ሾፌሩ ታዝዤ ነው አለ። እኔም ታዝዤ ነው አልኩት፣ ማን እንዳዘዘኝ ሳላውቅ።

ከዚያ ስልኩ። ባለቤቱ አንተ ነህ ወይስ እኔ? አሉ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ። አልጮሁም፣ ባይጮሁ ይብሳል። ባለቤቱማ እርስዎ ነዎት ጋሼ፣ ግን የአካባቢ ጥበቃዋ ሴትዮ አፈሩን አይታዋለች፣ አሽትታዋለች፣ ሰኔ ላይ ተመልሳ ስትመጣ የት ገባ ብትለኝ ከሆቴሉ አበባ ሥር ነው ልበላት? አልኩ። አዲሱ ካባ ከሚቀር አበባው ይቅር አልኩ።  ከዚያ እሺ አሉ። ከሰዓት ላይ ሰው ልከው የምመላለስበትን ፒክአፕ ወሰዱ፣ ለከተማ ሥራ ያስፈልጋል ተብሎ። ገባኝ።

በሚኒባስ ተመለስኩ። ረዳቱ "አንድ ሰው የሞላ" እያለ ሦስት ሰው ጨመረብኝ።  ፈርቼ ነበር፣ አሁንም ፈርቻለሁ። የአባባ መድኃኒት በዚህ ሥራ ነው የሚገዛው።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። እንኳን አደረሰን። ዝናሽ በሰው እጅ አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት ልካለች። ይመኙሽ ዶሮው ውስጥ ጨመረችው። አባባ ሽታው ከበር ይጠራል አሉ።

ሚያዝያ 28

ነጭ ሽንኩርቱ ተነቅሎ አለቀ። ገበያ ወጣ። ክምሩ ግማሹ ራቁቱን ሆነ፣ ድንቹ ግን ገና አረንጓዴ ነው። አበባ ይዟል።

ግንቦት 6

ዶዘሩ ገባ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው የተከራዩት፣ ያለ አንድ ቃል። ግድግዳውን ከላይ እየቆረሰ ወደ ውስጥ ይደፋዋል። ጉድጓዱ ቀስ በቀስ ሸለቆ መምሰል ጀመረ። በሬ ወርዶ ሊወጣበት ይችላል። ከሥሩ ትርፍ ድንጋይ፣ በላዩ ዱቄቱ፣ በዱቄቱ ላይ ቀይ አፈር፣ ጥቁሩ መጨረሻ። ውሃው የሚወጣበት ቦይም ተቀደደ። ስመለከተው ደስ አለኝ። ስንት ዓመት ድንጋይ ሳወጣ የኖርኩ ሰው፣ ማስገባት እንደዚህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ግንቦት 11

የዶዘሩ ባለቤት ደወለ። ማሽኑ ለመንገድ ሥራ ዛሪማ ይፈለጋል፣ ከነገ ወዲያ ማታ ይወጣል። እስከ ወር መጨረሻ ነበር ስምምነታችን። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ እንደገና ለመንኩት። ማሽን የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? ሰማዩም ከስሜን በኩል ጠቁሯል። ዶዘሩ ከሄደ አፈሩን የሚበትነው የለም፤ ክረምቱ ከቀደመን ሁሉም ነገር ይቀራል።

ለዝናሽ ሄጄ ነገርኳት። ነገ ቆፍሪ፣ ሰው እሰጥሻለሁ፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት እንጭናለን።

"ምነው? ቃሌ ነው ብለኸኝ አልነበር?"

ብዬ ነበር። 

ግንቦት 13

ትናንት ሚካኤል ነበር። መቆፈር አይሆንም አለች፣ በዕለቱ መሬት አይነካም። እኔ የመሪጌታ ልጅ ሆኜ ይኸን ረሳሁት። ቀኑን ሰጠሁሽ ስል የሰጠኋት በዓል ነው። ልትቆፍርበት የማትችለውን ቀን...

ዛሬ ገና ሳይነጋ ጀመረች። ከክሬሸሩ ሠራተኞች የቻለው ሁሉ አካፋውን ይዞ መጣ። ድንቹ ገና ትንንሽ ነው፣ ልጣጩ በእጅ ይላጣል። ከፊት እነሱ ይቆፍራሉ፣ ከኋላ ሎደሩ ይመጣል። ክንዱ አዝግሞ ሊነዳ ሞከረ። ዶዘሩ ግን ጉድጓዱ ውስጥ አፈር ይጠብቃል፣ ሾፌሩ ሰዓቱን ያያል።

ቀትር ላይ ከድንቹ ግማሽ እንኳ አልተቆፈረም። ክንዱ ወደኔ አየ። ሁሉም ወደኔ አየ። እጄን አንስቼ ጫን አልኩት።

ሎደሩ ድንቹን ከነቅጠሉ አነሳው። ዝናሽ ዶማዋን ጥላ ክምሩ ጥግ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ አልረገመችኝም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። የመጨረሻው ገልባጭ ሲወጣ ተነስታ ከኋላው በእግሯ ተከተለች፣ ጉድጓዱ አፋፍ ድረስ። አፈሩ ሲደፋ ቆማ አየች። ከዚያ ወደ ቤቷ ሄደች።

አፈርኩ። በዚህ ሁሉ ዘመኔ እንደዛሬ አፍሬ አላውቅም። ትክክለኛውን ሥራ እየሠራሁ ነበር፣ እሱ እኮ ነው ያናደደኝ።

ግንቦት 14

ዶዘሩ ሄደ። ጉድጓዱ ጥቁር ለበሰ። ዝናሽ አልታየችም።

ሰኔ 4

ሕሊና መጣች። ወረደች፣ ለካች፣ በብረት ወጋ ወጋ አድርጋ የአፈሩን ጥልቀት አየች። ሸጋ ሥራ ነው አለች። ፈቃዱ ይሰጣል። አዲሱ ካባ ከክረምት በኋላ ይከፈታል። ሠራተኛው እርስ በርሱ ተቃቀፈ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ስልክ ደውለው ጎበዝ አሉኝ። ስለ ፒክአፑ አላነሱም።

አሁን መሬቱ የማን ነው ብዬ ጠየቅኋት። ለቀበሌው ይመለሳል አለች። ቀበሌው ደግሞ ለሥራ አጥ ወጣቶች በእጣ ሊያድል ወስኗል። እትዬ ዝናሽስ? ወጣት አይደለችም። ለአባቷ ቤት ደግሞ ካሳ ተከፍሏል፣ ስለዚህ መሬት አላገኘችም አይባልም። ያገኘው ግን ወንድሟ ነው አልኩ።

"እኔ የምፈርመው አፈሩ ለመመለሱ ነው አቶ ህሩይ። ለማን እንደተመለሰ አይጠይቀኝም፣ ወረቀቱ።"

እሷም ደስ አላላትም፣ ፊቷ ላይ ይታያል። ሻይዋን ዛሬ ጠጣች።

ዝናሽን ፍለጋ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ለጎረቤት ጥጥ እየፈተለች ታድራለች። ተቀመጥ አለችኝ፣ አልተቆጣችም። ስለ እጣው ሰምታለች። "አፈሩ ቤቱ ገባ፣ እኔ ውጭ ቀረሁ" አለች፣ ጥጧን እያየች።  ሳልቀመጥ ወጣሁ።

ሰኔ 12

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ። ተዳፋቱ ያዘ፣ ቦዩም ሠራ። ከሰማይ የወረደው ሁሉ ሲወርድ አፈሩ ግን ቦታው ነው።

ሰኔ 23

ክንዱ ቢሮ ድረስ ሮጦ መጣ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ "ድንች!" አለ። ምን ድንች? "ጉድጓዱ ድንች አብቅሏል!"

ወረድኩ። እውነት ነው። ከጥቁሩ አፈር ውስጥ፣ እዚህ ሦስት፣ እዚያ አንድ፣ ወዲያ ደግሞ ተቃቅፎ ብዙ... የጠቆረ አረንጓዴ ቅጠል። ሎደሩ ያነሳው፣ ዶዘሩ የበተነው፣ ያልተቆፈረው የሷ ድንች ነው። በየመሃሉ የተረሳ ነጭ ሽንኩርት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጎመኑም አለ። በጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ጭቃው ሱሪዬን አበላሸው፣ ግድ አልሰጠኝም።

ሰው ላክሁባት። አፋፉ ላይ መጥታ ቆመች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች።

"ማን ነው እንዲህ በትኖ የሚተክል?"

"ሎደሩ ነው" አልኳት።

"መስመር የማያውቅ!"

ወረደች። በእጇ መኮትኮት ጀመረች፣ ዶማም አልያዘች። ምርቱ የመንግሥት ይሁን የወጣት፣ ሥሩን አፈር ካላለበሱት ፀሐይ ያበላሸዋል አለች። ማታ አባባ ጥቁር ጭቃ የለበሰ ሱሪዬን አይተው፣ "ይኸ ደግሞ ደህና አፈር ነው" አሉ።

ሐምሌ 1

የወጣቶቹ ሰብሳቢ ዋኘው መጥቶ ዝናሽን እንዳትኮተኩት ነገራት። መሬቱ እሑድ በእጣ ይታደላል፣ ክርክር እንዳይመጣ። በትህትና ነው የተናገረው፣ እትዬ እያለ። እሷም እሺ አለች። እሱ ሲሄድ ቀጠለች።

ሐምሌ 6

እሑድ። ከቅዳሴ መልስ ሰው ሁሉ ጉድጓዱ አፋፍ ተሰበሰበ። ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጻፈው፣ እንዳልረሳው።

እጣው እንደ ወጉ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ይሰጣል፣ እንጨት ይሁን ቁልፍ ይሁን ድንጋይ፤ የማን መሆኑን የማያውቅ ሰው አንድ በአንድ እያነሳ በየቁራሹ መሬት ላይ ያስቀምጣል። አስቀማጭ ክንዱ ሆነ፣ የዚያ አገር ሰው ስላልሆነ። ፊቱን አዞረ። ወጣቶቹ ጎንበስ እያሉ ከመሬት ምልክታቸውን አነሱ፣ ባርኔጣ ውስጥ ጨመሩ። ክንዱ ቁልቁል ወርዶ በየድርሻው አስቀመጠ። ሁሉም የራሱን ሊያይ ወረደ።

ከዚያ ጫጫታ ሆነ። ይኸ የኔ ነው፣ ዞር በል የኔ ነው፣ እኔ ያነሳሁት ጥቁር ነበር፣ ሁሉም ጥቁር ነው! ልጆቹ ምልክቱን ሲያነሱ የቆሙት በክሬሸራችን ጠጠር ላይ ነበር። ሁሉም ያነሳው ዜሮ ሁለት የምንለውን የጠጠር መጠን ነው፣ በአንድ ወንፊት የወጣ። በዓለም ላይ እንደሱ የሚመሳሰል ነገር የለም፣ እንዲመሳሰል ነው የምንደክመው። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ። ክንዱ ግን ተንከትክቶ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሰዉ ሁሉ።

ሳቁ ሲበርድ ዋኘው እንደገና እንጣል፣ አሁን እንጨት አንሱ አለ። ያኔ ነው አያ አስናቀው ዱላቸውን ተደግፈው የተነሱት። በሾላ ምድር የእሳቸውን ዕድሜ የሚያህል የለም።

"ቆይ ልጆቼ። የቆማችሁበትን እዩት እስቲ።"

ሁሉም ወደ እግሩ አየ። ድንቹ አብቧል። አንዳንዱ ሲገፋፋ ረግጦታል።

"ቡቃያ በቆመበት መሬት እጣ ሲጣል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። አባቴም አላየ። የዘራው ሰው ምርቱን ሳያነሳ መሬት አይከፈልም። ይኸ ድንች የማን ነው?"

 ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"አንተ የወልደኢየሱስ ልጅ። አፈሩን ያመጣኸው አንተ ነህ። ከየት አመጣኸው?"

የአቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ሰው ነኝ፣ ዝም ማለት እችል ነበር። ቀበሌው የወሰነው ነው፣ የኔ ጉዳይ አይደለም ማለት እችል ነበር። ተነሳሁ። ከእትዬ ዝናሽ ክምር ነው አልኩ። ከአባቷ ማሳ ላይ ገፍፈን የከመርነው ነው። እኔ ዝሪበት ብያት ዘራች፣ እሷ ባታቆየው ዛሬ አፈር አይባልም ነበር። ድንቿ ሳይወጣ ያስጫንኩትም እኔ ነኝ፣ እጠብቅሻለሁ ብዬ አልጠበቅኋትም። 

ዝናሽ ከሴቶቹ መሃል ቆማለች። ቀና ብላ አየችኝ።

ዋኘው ባርኔጣውን ከክንዱ ተቀብሎ ጠጠሩን ደፋው። "የእትዬ ዝናሽ ነው" አለ። "ትቆፍር። እኛ ከዚያ በኋላ እንካፈላለን፣ ከነሷ ድርሻ።"

ከነሷ ድርሻ። የቀበሌው ሊቀመንበር አንገቱን አከከ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ወጣቶቹን አየ። ይመዝገብ አለ።

ሐምሌ 7

ዛሬ ዝናሽ ዶማ ይዛ ወረደች። ዋኘውና ጓደኞቹ አብረዋት ይኮተኩታሉ። መስመር ታስይዛቸዋለች፣ ትሳደባለች። አይቀየሙም።

ነሐሴ 19

ፍልሰታ ወጣ፣ እህል ውሃ አገኘን። የአባባ ሳል በረታ። ፒክአፑ አልተመለሰም። ሚኒባሱን ለምጄዋለሁ፣ ረዳቱም ለምዶኛል፣ አሁን ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚጨምርብኝ።

መስከረም 13

ድንቹ ወጣ። ሲቆፍሩ አብሬ ነበርኩ። ሎደር የተከለው ድንች ከመስመሩ ይበልጣል ብዬ ቀለድኩ፣ ዝናሽ የቡጢዋን ያህል የሚሆን ድንች ወረወረችብኝ። ከግርጌው፣ ቦዩ ጥግ ያለው ቁራሽ ለሷ ሆነ። ውሃ የማይርቀው ነው። ቀሪውን ልጆቹ በእጣ ተካፈሉ፣ በዚህ ጊዜ ሁሉም የየራሱን ቁልፍ ከሸሚዙ በጥሶ።

አዲሱ ካባ በሚቀጥለው ሳምንት ይከፈታል። መጀመሪያ የሚገፈፈው የምንዳዬ ማሳ ነው። ምንዳዬ ባሏ የሞተባት ናት፣ ካሳዋን ራሷ ፈርማ ነው የወሰደች፣ ይኸን አይቼ አረጋግጫለሁ። ዶዘር ከማስገባቴ በፊት ዛሬ ከዝናሽ ጋር ሄድኩ። ዝናሽን ያመጣኋት እኔ አይደለሁም፣ ራሷ ናት የመጣች። "ለሷ የምታሳየው ነገር ካለ እኔ አሳያታለሁ፣ አንተ ቀኑን ታሳስታለህ" አለችኝ።

ምንዳዬን፣ "አፈርሽ የት ይከመር?" ብዬ ጠየቅኋት።

ግራ ገባት። ይኸን የጠየቃት ሰው የለም። የሚነሳውን እንጂ የሚቀመጠውን ማን ይጠይቃል? ዝናሽ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አለቻት። ምንዳዬ ቆማ ነፋሱን አየች፣ ክሬሸሩን አየች። ከዚያ ማሳውን አቋርጣ ሄደች፣ አቧራው ከማይደርስበት ከአንድ ጉብታ ወዲያ። አንድ ድንጋይ አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠች።

"እዚህ።"

ለክንዱ ቦታውን አሳየሁት። ሰኞ እዚያ እንከምረዋለን።